ቤዚክ አቀላጣፊው ጓድ ደበሌ

አገር የሚኮራበት መሥሪያ ቤት በየቦታው አለ፤ የአርባ ምንጩ ግን ይለያል። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሥራው ሙዝ ማልማት፣ የለማውን መቁጠር፣ የተቆጠረውን ሪፖርት ማድረግና ስለ ሪፖርቱ መሰብሰብ እንደነበረ ማወቅ ይበቃል። ከአራቱ ሥራዎች ሦስቱን ሠራተኛው በታላቅ አብዮታዊ ወኔ ይወጣቸው ነበር። ሙዙ ብቻ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሙዝ ንቃት ዝቅተኛ መሆኑ ስለሚታወቅ ግን ማንም አልተቀየመውም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከበላይ አካል አንድ ሰርኩላር መጣ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተለገሰ ኮምፒውተር ለመሥሪያ ቤቱ እንደሚላክ፣ ማሽኑም የሚታዘዘው ቤዚክ በተባለ ቋንቋ ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ይህንን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያውቅ ሰው እንዲዘጋጅ ያዛል። ከሰርኩላሩ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ተያይዟል። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ኦይታ ለሠራተኛው ጉባኤ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ከመካከላችን ኮምፒውተር በዓይኑ ያየ አለ?" ብለው ጠየቁ።

ጉባኤው በአንድነት ዞሮ ደበሌን አየ።

ደበሌ የዕቅድና ስታቲስቲክስ ክፍል ሠራተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ለሴሚናር ሄዶ አንድ ኮምፒውተር በመስታወት አሻግሮ አይቷል። ያየው ከሻይ ዕረፍት ላጠረ ጊዜ ነው፤ ያወራው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ነው። ሲቀላ ሰፈር ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ማሽኑ እሱን ለይቶ ሰላምታ እንደሰጠው ሁሉ ተናግሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"ጓድ ደበሌ፣ ቋንቋውን ታውቀዋለህ?" አሉት ጓድ ኦይታ።

"መጠነኛ መግባባት አለን፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ።"

"መልካም። ማሽኑ እስኪመጣ አቀላጥፈህ ትጠብቀናለህ። ካላቀላጠፍክም አብዮቱ ላንተ ቦታ አያጣም። ታች ኦሞ በረሃ ያለው የሰፈራ ጣቢያ ጸሐፊ ይፈልጋል።"

ጉባኤው አጨበጨበ። ደበሌም አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ የማይከለከል ብቸኛው ነገር ነበርና።

ደበሌን ያስፈራው በረሃው ብቻ አልነበረም። ሚስቱ አገርነሽ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ጓሮ አላት። እያንዳንዱን ችግኝ በእጇ ተክላ፣ ውሃውን በቦይ ጠልፋ፣ ከብት ሲገባ በድንጋይ እያባረረች ያሳደገችው ነው። በዚያ ዓመት ገና የመጀመሪያዎቹን ዘለላዎች ማውጣት ጀምሮ ነበር። ማታ ከበቆሎና ከሽፈራው ቅጠል የሠራችውን ቁርቁፋ አቅርባለት ሲበላ ወሬውን ነገራት።

"ወዴት ነው የሚሉህ?"

"ኦሞ።"

"ሙዜስ?"

"ሙዝ አይዛወርም።"

"እንግዲያው እኔም አልዛወርም። ተነስና ቋንቋዋን ተማር።"

ደበሌ መጽሐፉን ይዞ ብቻውን ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ባጭሩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብቻውን የሚማር ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። ጓድ ኦይታ "ቋንቋ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው፤ በግለሰብ እጅ አይከማችም" አሉና የቤዚክ ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ አንድ ሊካድ የማይችል እውነት ላይ ደረሰ፤ መሠረተ ትምህርት አገሩን ፊደል ያስቆጠረው በጋራ እያስጮኸ ነው። ሀ ሁ በጩኸት ከገባ ቤዚክን ምን ይከለክለዋል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለም እንዴ!

የመሰብሰቢያው አዳራሽ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቸርች ነበር። ቁልፉ "ለጊዜው" ከተወሰደ ወዲህ ስብሰባ ይሰበክበታል። ታይፒስቷ ባዩሽ በዚያው አዳራሽ መዘምራን መካከል ሶሎ ታወጣ የነበረች ሴት ናት፤ ኮሚቴው ትእዛዞቹን በዜማ እንድታስይዝ መደባት። ደበሌ ከመጽሐፉ ቃል ያወጣል፣ ባዩሽ ዜማ ታወጣለች፣ ሠራተኛው ድምፅ ያወጣል። በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ አንዳንዴም ሥራ በመጀመር ፈንታ፣ ባዩሽ "ፕሪንት!" ስትል ሠራተኛው "ጻፍ፣ ጻፍ፣ ጻፍ!" ብሎ ይመልሳል። "ጎቱ!" ስትል "ሂድ ወደ ተባልክበት!" ይላል። "ኢፍ!" ስትል ወፍራም ድምፆቹ "ምናልባት..." ብለው ወደ ታች ይወርዱና ቀጭኖቹ "...ከሆነ!" ብለው ያነሱታል። "ኤንድ" ላይ ሲደርሱ የበሩ ዘበኛ እንባው ይመጣ ነበር። በመንገድ የሚያልፉ እናቶች ቸርቹ የተከፈተ መስሏቸው ቆመው ያዳምጡና፣ ጌታ ስለ "ጎቱ" የተናገረው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ይሄዳሉ።

ማሽን ሳይኖር የማሽን ቋንቋ መማር "ላም አለኝ በሰማይ" ነው ብለው የሚያሽሟጥጡ አድኃሪዎች አልጠፉም። ውጤቱ ግን አፋቸውን አስያዘ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ሂሳብ ክፍል ግዥ ክፍልን በሶሻሊስታዊ ውድድር ገጠመ። በየኮሪደሩ "ኢፍ ሻይ አለ፣ ጎቱ ሻይ ቤት" የሚል ሰላምታ ይሰማ ጀመር። ባዩሽ የሚያስቸግሯትን ወንዶች ሁሉ "ኤንድ!" እያለች በቆመችበት ታሰናብታቸው ነበር፤ እውነት ለመናገር ከሠራተኛው ሁሉ ቋንቋውን ለጥቅም ያዋለችው እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል።

ሕዝቡ ከልቡ የወደደው ግን ቁጥሩን ነው። በቤዚክ እያንዳንዱ የትእዛዝ መስመር ቁጥር አለው። ቁጥሩም አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ የሚዘለው የተረሳ ነገር በኋላ ሲመጣ በመካከል እንዲሰካ ነው። ደበሌ ይህንን ባስተማረ በማግሥቱ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ በአሥር በአሥር ሆነ።

"አንቺ ስንት ነሽ?"

"ሃያ። አንተስ?"

"ሠላሳ። እነዚህ ከኋላሽ የገቡት እነማን ናቸው?"

"ሃያ አንድ የባሌ እናት ናት። ሃያ ሁለት እህቱ። ሃያ ሦስት ከላንቴ በእግሯ እየመጣች ነው።"

ከሱቁ መስኮት ጀርባ ያለው ሰው ይህንን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና፣ "ይኼ ቋንቋ ለኛ አገር ሰው ታስቦ ነው የተሠራው" አለ።

ዘመቻው በድል ተጠናቀቀና ለሠራተኛው በሙሉ "ቤዚክን አቀላጥፎ ስለመናገሩ" የሚል ምስክር ወረቀት ታደለ። ጓድ ኦይታ በሥራ ብዛት አንድም ቀን ባይገኙም በማዕረግ አለፉ። በዚያ በዓል ላይ ያላበው ሰው ደበሌ ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉ አቀላጣፊ መካከል ቋንቋውን እንደማያውቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበርና።

እሑድ እሑድ መጽሐፉን ይዞ ኩልፎ ይወርዳል። አገርነሽ ትኮተኩታለች፣ እሱ ሙዝ ሥር ተቀምጦ ያነበንባል፣ ምንም አይገባውም። አንድ እሑድ ማነብነቡ የሰለቻት አገርነሽ መኮትኮቻዋን ጣለች።

"እኔ ማሽኗ ልሁን፤ እዘዘኝ" አለችው።

"ያልኩሽን ብቻ ነው የምታደርጊው። ከራስሽ ምንም አትጨምሪም።"

"ከተጋባን ጀምሮ ሌላ ምን ሠራሁ?"

"እሺ። አሥር፤ በባልዲ ውሃ ቅጂ። ሃያ፤ ሙዙ ላይ አፍስሺ። ሠላሳ፤ ወደ አሥር ተመለሺ።"

አገርነሽ ቀድታ አፈሰሰች፤ ተመልሳ ቀዳች፤ አፈሰሰች። ደበሌ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረ መቀመጫው ሲረጥብ ቀና አለ። አንዱ ሙዝ በሐይቅ መካከል ቆሟል፤ ሌሎቹ እንደ ደረቁ ናቸው።

"ምነው አንዱን ብቻ አሰጠምሽው?"

"ወደሚቀጥለው ሂጂ አላልክም።"

"በቃ አቁሚ!"

"መቼ እንደማቆምም አላልክም!" አለችና የሚቀጥለውን ባልዲ ሳትስት እግሩ ላይ ደፋችበት።

ደበሌ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። አገርነሽም ባልዲው ላይ ተደፍታ ሳቀች። በዚያው ሳቅ መካከል መጽሐፉ ተገለጠለት። ማሽን ያልከውን እንጂ ያሰብከውን አይሰማም፤ ከምትለው ውጪ ምንም የለውም። ይህንን የሚያህል ታማኝነት ደበሌ በሕይወቱ ከማንም አግኝቶ ስለማያውቅ ልቡ ተነካ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ፕሮግራም በወረቀት ይጽፋል፣ አገርነሽ በበቆሎ ፍሬ እየቆጠረች ትፈጽማለች፣ ስትሳሳት የተሳሳተው እሱ ሆኖ ይገኛል፣ ያርማል። በመጨረሻ የላንቴን፣ የምዕራብ ዓባያንና የኩልፎን ማሳዎች ምርት ደምሮ ከዕቅዱ ጋር የሚያስተያይ ፕሮግራም ጻፈ። ሌሊት በሕልሙ ሳይቀር በቤዚክ ያስብ ጀመር። ደስ አለው፤ እጅግ ደስ አለው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራውን ያህል አወቀ።

ማሽኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በላንድሮቨር መጣ። ከአዲስ አበባ አብሮት የመጣው ቴክኒሺያን ገመዶቹን ሰክቶ፣ አንድ ትንኝ ሲነክሰው ጊዜ የወባ ኪኒኑን ውጦ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ኮምፒውተር ሙቀት አይወድም ስለተባለ የጓድ ኦይታ ቬንትሌተር ተነቅሎ ተሰጠው። ደበሌ እጁን ታጥቦ ገባ። ፕሮግራሙን በአንድ ጣቱ እየፈለገ አስገባ፣ ከየማሳው የመጣውን የሚዛን ቁጥር ሰጠው፣ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ መልሱ ብቅ አለ፤ ልክ አገርነሽ በበቆሎ የደረሰችበት ቁጥር።

"ሠራ! ሠራ!" እያለ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጦ ጓድ ኦይታ ቢሮ ገባ።

"ምን አለ?" አሉ ጓድ ኦይታ በጋዜጣ እያራገቡ።

"አርባ አንድ በመቶ! ከዕቅዳችን ያመረትነው አርባ አንድ በመቶ ነው!"

"ሪፖርታችን ላይ ስንት ብለናል?"

"መቶ ሠላሳ።"

ጓድ ኦይታ ተነስተው በሩን ዘጉ። "ማሽኑ ሪፖርታችንን አላነበበም ማለት ነው?"

"የሰጠሁት የሚዛኑን ቁጥር ነው፣ ጓድ።"

"ማን ስጠው አለህ?"

በዚያው ቀን በማሽኑ ላይ የሂስ ስብሰባ ተጠራ። ማሽኑ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ቢሰጠውም ዝም በማለቱ ዝምታው በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። ከዚያ ምስክር ወረቀት ያለው ሁሉ በቋንቋው የጠለቀ ሐሳብ አቀረበ። የሂሳብ ክፍል ተወካይ፣ ማሽኑ መደመር ከመጀመሩ በፊት የዓለም አቀፉን ሁኔታ እንዲገመግም አንድ መስመር አምስት ቁጥር ላይ ይሰካ አሉ። የግዥው ተወካይ፣ ሃያ አምስት ቁጥር ላይ ምርቱ በሠራተኛው የሥራ ፍላጎት ይባዛ አሉ። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ አለፉ።

"ጓዶች፣ ማሽኑ እኮ ትክክል ነው" አለ ደበሌ።

"ትክክል መሆኑንማ እኛም እናውቃለን" አሉ ጓድ ኦይታ። "ስለ ትክክልነት ማን አነሳ? ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያግባባል። አንተና ማሽኑ ካልተግባባችሁ ከሁለት አንዳችሁ ቋንቋ አታውቁም። ማሽኑን ወደ ኦሞ እንዳናዛውረው እዚያ መብራት የለም።"

የበላይ አካል ተወካይ ማሽኑን ሊመርቁ ሊመጡ አንድ ቀን ቀርቷል። ደበሌ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። አገርነሽ ዘለላዎቹን ነፋስ እንዳይጥላቸው በባላ ስትደግፍ ታየችው። ያንን ሁሉ እሑድ የለፋበትን ፕሮግራም ሰረዘ። በቦታው ሦስት መስመር ብቻ ጻፈ። አሥር፤ ጥያቄ ተቀበል። ሃያ፤ "መቶ ሠላሳ በመቶ" ብለህ ጻፍ። ሠላሳ፤ ወደ አሥር ተመለስ።

የምረቃው ቀን ተወካዩ ሪባኑን ቆርጠው ማሽኑ ፊት ቆሙ።

"የዘንድሮ ምርት ከዕቅዱ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?" ብለው ጠየቁ። ደበሌ ጥያቄውን ጻፈ። ዓይን ሳይጨፈን መልሱ ወጣ። መቶ ሠላሳ በመቶ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"የሚቀጥለው ዓመትስ?"

መቶ ሠላሳ በመቶ።

"የሴቶች ተሳትፎ?"

መቶ ሠላሳ በመቶ።

"ወባን በማጥፋት ረገድ?"

መቶ ሠላሳ በመቶ።

ተወካዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ስንት መሥሪያ ቤት ጎብኝቻለሁ" አሉ፤ "በየጥያቄው የሚዋዥቅ ካድሬ እንጂ እንዲህ ያለ የጸና አቋም አላየሁም።" ደበሌ በዚያው ዕለት የኮምፒውተር ቋንቋ አገልግሎት ኃላፊ ሆነ፤ የኦሞ ነገር ተረሳ።

ቤቱ ሲገባ "አንሄድም!" ብሎ ጮኸ። አገርነሽ እልል አለች፣ ከዓባያ የመጣ አሳ ጠበሰች።

"ማሽኗ ምን አለች?" አለችው እሾሁን እየለቀመችለት።

"ያልኳትን።"

"እውነቱን ነው?"

"ሪፖርቱን ነው።"

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ የዘመኑን ጥበብ መግለጥ ግድ ነው። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ መቶ ሠላሳ ይላል፤ የበላይ አካል በየዓመቱ ያደንቅና ለአርባ የሚበቃ የጭነት መኪና ይልካል። ውሸቱን ሁለቱም ወገን ስለሚያውቁት ማንንም አይጎዳም። ይህንን በስንት ልፋት የተገነባ መተማመን ማሽኑ አፈረሰው። ሰው ይዋሻል፤ ማሽን ግን አይዋሽም። የበላይ አካልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቶ ሠላሳ የሚበቃ መኪና ላከ።

መኪናዎቹ ከመሥሪያ ቤቱ በር እስከ ኩልፎ ድልድይ ተሰለፉ። የመንግሥት ማሳ ከፊት ያሉትን ብቻ ሞልቶ አለቀ፤ የቀሩት አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ጓድ ኦይታ ስብሰባ ጠሩ። ጉድለቱን ሠራተኛው ከየጓሮው በፈቃደኝነት እንዲያሟላ ተወሰነ፤ በአርአያነትም ከኮምፒውተር ቋንቋ ኃላፊው ጓሮ እንዲጀመር ደበሌ በሌለበት ደበሌ ፈቀደ።

ደበሌ ይህንን ሲሰማ ወደ ኮንቮዩ አዛዥ ሮጠ።

"ጌታዬ፣ ውሸት ነው! መቶ ሠላሳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙዝ የለም!"

"አንተ ማን ነህ?"

"የማሽኑ ኃላፊ።"

"ሰው ነህ ማለት ነው። ሰው ይሳሳታል፣ ወንድሜ። እኔ የመጣሁት በማሽን ቃል ነው። ማሽኑ የለም ካለ አሁኑኑ እመለሳለሁ።"

ተያይዘው ሄዱ። የማሽኑ ክፍል በር ላይ ጓድ ኦይታ ቁልፍ ይዘው ቆመዋል። በበላይ አካል ፊት የተመረቀ ቃል እንዳይነካ ክፍሉ ታሽጎ ነበር፤ ለመጠየቅ ብቻ ከፈቱት፤ ደበሌን ከደጁ አቆሙት፤ ጥያቄውን ራሳቸው ጻፉ። ሙዝ አለ ወይስ የለም? ማሽኑ የማያወላውል መልሱን ሰጠ።

"አለ" አለ አዛዡ ባርኔጣውን እያስተካከለ፤ "ያውም ተርፎ።"

ከሰዓት በኋላ ጫኞቹ ኩልፎ ወረዱ። የበሰለውንም ጥሬውንም፣ ገና ጣት ያላከለውንም ቆርጠው ጫኑ። አገርነሽ ቦይው ላይ ቆማ አየቻቸው፤ አልተሳደበችም። መኪናው ሲሄድ ተቀምጣ አለቀሰች። ደበሌ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ "እንሂድ" አለችው።

"ወዴት?"

"ኦሞ። እዚያ መብራት የለም አላሉህም? መብራት ከሌለ ማሽን የለም። የዘር ሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፤ እንደገና እተክላለሁ።"

በማግሥቱ ደበሌ በገዛ ፈቃዱ ወደ ሰፈራ ጣቢያው እንዲዛወር ማመልከቻ ጽፎ ጓድ ኦይታ ፊት ቆመ። ሲያነቡ ፊታቸው በአብዮታዊ ኩራት በራ።

"እንዲህ ያለ ጓድ ነው የሚያስፈልገን! ግን ብቻዬን አልወስንም፤ ያለፈው ዘመን ቢሮክራሲ ይሆንብኛል።" ቁልፋቸውን አንጠልጥለው ወደ ማሽኑ ክፍል ወሰዱት፤ ደጅ አቆሙት፤ በሩን ገርበብ አድርገው በአንድ ጣታቸው ጻፉ። ጓድ ደበሌ ምን ያህል እዚህ ያስፈልገናል?

ስክሪኑ ላይ ያለውን ደበሌ ከደጅ ሆኖ አነበበው። ጓድ ኦይታ ወጡና ማመልከቻውን ለአራት አጥፈው ኪሱ ውስጥ ከተው፣ በርኅራኄ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"መቼም ላንተ አልተረጉምልህም" አሉት።